እኔ ነኝ የጫርሁት

ክብሪት ሲጫር፣ እሳቱ ገና ሳይቆም ቀድሞ የሚመጣ ሽታ አለ፤ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ወዲያው የሚለቅ። ባለፈው ሐምሌ ደብረ ማርቆስ ከልጄ ቤት ተቀምጠን፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላውን አጨልሞት፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ጠፍቶ ሳለ፣ የልጅ ልጄ ትዕግሥት ከጓዳ ገብታ ክብሪት ጫረችና ያ ሽታ መጣ። ከሽታውም ጋር ድምፅዋ መጣ፤ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ ነኝ የጫርሁት!» አለች።

«ለምንድን ነው እንደዚያ የምትይ?» አልኋት፣ እያወቅሁ።

«ሰው ሁሉ ይል የለ እንዴ?» አለችና ሻማውን ይዛ መጣች።

ከእናቷ የሰማችው ነው፤ እናቷም ከእኔ። ትዕግሥት አዲስ አበባ የአንጎል ተመራማሪ ናት፤ የሚጥል በሽታን፣ ሌላ ሌላውንም የጭንቅላት ሕመም ስታጠና ስንት ዓመቷ። ያን ቃል ማን እንዳወጣው ግን አታውቅም ነበር። እናቴ «ይህ ነገር ከዚህ መንደር አይውጣ፣ ዘራችን ክፉ ስም ይወጣለታል» ብላ አፋችንን ዘግታው ነበርና፣ እሷ የዘጋችውን እኔም እስከዚያ ቀን አልከፈትሁትም።

ያደግሁት ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብላ ካለች መንደር ነው። አባቴ ጤፍና ስንዴ ያርስ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበርን፣ እኔ ደብሬና በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ይታይሽ። ይታይሽ ተረበኛ ነበረች። ሆዷን ነፍታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የጭቃ ሹሙን አረማመድ ስታሳየን አባቴ እንኳ ፊቱን አዙሮ ይስቅ ነበር። እኔን ደግሞ «ደብሬ፣ መጀመሪያ አፍንጫሽ ይገባል፣ አንቺ ኋላ ትደርሻለሽ» እያለች ታስለቅሰኝ ነበር።

ያ የሚጥል በሽታ የጀመራት አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ድንገት ይጥላታል፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ካፏ አረፋ ይወጣል። ጎረቤት ይሰበሰብና አንዷ ክብሪት ጭራ ጭሱን ታሸታታለች፣ ሌላዋ «አትንኳት! ምራቋን የነካ ይጋባበታል!» እያለች ልጆቹን ታባርራለች። አንድ ቀን ከምድጃው ዳር ጣላትና፣ አረፋው እስኪያቆም ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ግራ እጇ ከፍሙ ላይ ቆየ። ቁስሉ ሲድን ሁለት ጣቶቿ ተጨማደው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ለይታይሽ የብቻዋ የሸክላ ጣባ ገዛችላት፤ ከእኛ መሶብ መቅረቧ ቀረ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። «እግዜር ሁለት ነው የሰጠኝ፤ አንዷን በሽታው ነጥቆኛል፣ ሁለተኛዋን አልጨምርለትም» ስትል ለአባቴ ሰምቻታለሁ። ይታይሽ ጣባዋን ይዛ ከግድግዳው ሥር ትቀመጥና «ንጉሥ ብቻውን ነው የሚበላ፤ እናንተ ተሻሙ!» ትለን ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ኋላ ግን ቀና ብዬ ሳያት፣ እኛ እስክንጨርስ አንዲቱን ጉርሻ ይዛ ስታላምጥ አይ ጀመር።

ክረምቱ ገብቶ ሁላችን ከቤት ስንሰበሰብ ነው አንድ ነገር ያስተዋልሁት። ይታይሽ ጥጥ እየፈተለች ቀና ትልና «ክብሪት ማን ጫረ?» ትላለች። ማንም አልጫረም፤ እሳታችን ከአደረው ፍም የተቆሰቆሰ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትወድቃለች። በመጀመሪያው ቀን የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በሦስተኛው አልሳቅሁም። ለእናቴ ሄጄ «እማ፣ ሊጥላት ሲል ክብሪት ይሸታታል» ብላት «ዝም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አለችኝ።

በነሐሴ እናትና አባቴ ለአረም ወርደው፣ እኛ ሁለታችን ባቄላ ስንቆላ «ደብሬ፣ ክብሪት ጫርሽ?» አለችኝ። አልጫርሁም። በስምንት ዓመቴ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ በብብቷ ይዤ ከምድጃው ጎትቼ ከቁርበቱ ላይ ጣልኋትና ወዲያው ጀመራት። ምራቁ እንዳያንቃት በጎኗ አዙሬ፣ ራሷን ከጭኔ ላይ ይዤ ቆየሁ። አረፋው በመዳፌ ላይ ወረደ፤ ሞቅ ያለ ነበር፣ እንደ ማንም ሰው ምራቅ።

ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። «ነካሽኝ?»

«ነካሁሽ።»

«እብድ!» አለችና በጥፊ መታችኝ፤ መታችኝና አቅፋኝ አለቀሰች። «እማ ሁለታችንንም ትገድለናለች!»

እናቴ አልገደለችንም። ስትሰማ የያዘችውን ማረሚያ ከደጅ ጥላ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ራት ሲቀርብ ለእኔም ከይታይሽ ጣባ ላይ ጨመረችልኝ። ከመሶቡ ወጣሁ ማለት ነው። ይታይሽ ከግድግዳው ሥር ቦታ እየለቀቀችልኝ «እንኳን ደህና መጣሽ ንግሥቴ፤ አንድ ጣባ ለሁለት ዘውድ ትንሽ ጠበብ ይላል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ነገር ሁሉ በእኔ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ከወደቅሁ ይታይሽ ዕድሜዋን ሙሉ የብቻ ጣባ ነው፤ እኔ ካልወደቅሁ ግን በሽታው አይጋባም ማለት ነው።

መስከረም ጠባ፤ አደዩ ሜዳውን ሞላው። እናቴ እኔን መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። ድንጋይ አደናቅፎኝ ወደቅ ስል ከወንዝ የተሸከመችውን ውኃ እንስራ ሙሉ አፈሰሰችው። እኔም ጠዋት ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ማሽተት ነበር፤ ሊጥላት ሲል ክብሪት እንደሚሸታት ለይታይሽም ነግሬያት ነበር። «ሸተተሽ?» ትለኛለች ይታይሽ በሹክሹክታ። «ጭስ ብቻ።» «ጭስ ቤቱ ነው፤ ሌላ?» «የአንቺ እግር።» ትቆነጥጠኛለች።

አጨዳው ሲደርስ ነው ይታይሽ ያን ሕግ ያወጣችው። አባቴ ኩራዙን ሊለኩስ ክብሪት ሲጭር ደንግጣ ብድግ ብላ ነበርና «ከዛሬ ጀምሮ የጫረ ሰው ይናገር። ያልተነገረ ክብሪት ከሸተተኝ የእኔ ነው፤ ራሴ ሄጄ እተኛለሁ» አለች። እናቴ ሳቀችባት። አባቴ፣ ቃል የማያበዛው ሰውዬ፣ አልሳቀም፤ በማግሥቱ ክብሪቱን ከመጫሩ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ ነኝ የምጭረው፣ ልጄ» አለ። ከዚያ ሁላችንም ለመድነው። ያልተነገረ ሽታ ሲመጣባት ሥራዋን አስቀምጣ፣ ከእሳቱ ርቃ ከቁርበቱ ላይ ትጋደማለች፣ እኔ ራሷን እይዛለሁ። ከዚያ ወዲያ እሳት ነክቷት አያውቅም።

በበጋው እህሉ ተወቅቶ ሲገባ ጎተራውን በጭቃና በእበት የሚመርገው የይታይሽ እጅ ነበር። ያ የተጨማደደው እጇ ስንጥቅ ለማግኘት ይመቻት ነበር፤ በጉጦቹ እየዳሰሰች «ነቀዝ በር አያንኳኳም፣ እንዲህ ያለችውን ነው የሚፈልግ» እያለች ፀጉር የምታህለውን ሳይቀር ትደፍናለች። እኔ ጭቃ እያቀበልሁ እቆጥር ነበር፤ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። አልወደቅሁም። ሁዳዴ ገባ፣ አልወደቅሁም።

ለፋሲካ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጾም ልታስፈታን እናቴ መሶቡን ከመካከል አስቀመጠችና «ይታይሽ፣ ደብሬ፣ ወዲህ ቅረቡ» አለች። ጎረቤታችንም፣ ያቺው «አትንኳት» የምትለው ሴት፣ ከተጋበዙት ጋር ተቀምጣ ነበር። ይታይሽ እንደ እንግዳ ከዳር ስትቀመጥ እናቴ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልላ ከአፏ ከተተችላት። ከዚያ ሁሉም እያየ፣ ያንኑ ከልጇ አፍ የወጣ ጣቷን አንድ በአንድ ላሰችው።

«ምነው እቴ!» አለች ጎረቤታችን።

«ስምንት ወር ጠበቅሁ» አለች እናቴ። «የነካቻት ልጄ ይኸው እንደ ጥጃ ትዘላለች።» ጣባውንም አንሥታ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበት ብላ ከደጅ አወጣችው። ይታይሽ አፏ እንደሞላ ወደ ደጅ አየት አድርጋ «ዶሮዎቹም ነገሡ በሉኛ!» ብትል እናቴ እየሳቀች አለቀሰች።

ጤና ጣቢያ ኋላ ተከፍቶ ይታይሽ ክኒን ጀመረች፤ በየቀኑ ትውጥ ነበር፣ መውደቁም በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ሆነላት። ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ፣ አርጅታ ነው ያረፈች። ትዕግሥት ያኔ ሕፃን ነበረች፤ አታስታውሳትም።

ይህን ሁሉ ለትዕግሥት በዚያ በሻማው ብርሃን ነገርኋት። «እማማ፣ ሁልጊዜ ከመውደቋ በፊት ነው የሚሸታት?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ያ ሽታ ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ ነበር። ሽታን የሚያውቀው የአንጎል ክፍል ላይ ይነሣና ከዚያ ይዛመታል። እርስዎ በስምንት ዓመትዎ ያዩትን እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የተማርሁት።»

ምን እንደምታጠና ጠየቅኋት። ደም በሰውነት ሁሉ ሲዞር አንጎል ዘንድ ሲደርስ እንዳሻው አይገባም አለችኝ፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ምግቡን ያሳልፋሉ፣ መርዙን ይከለክላሉ። «ለበሽተኞች አጥር እያልሁ ነው የማስረዳቸው፤ ግን አጥር ክፍተት አለው፣ ቃሉ አልሆን አለኝ።»

«ምርጊት በያቸዋ» አልኋት። «እንደ ጎተራው።»

ቀና አለች። «ምርጊት» አለች ቀስ ብላ፣ ደግማም «ምርጊት»፤ ከዚያ ወረቀት አወጣችና ጻፈችው። «ልክ ነው እማማ። ምርጊቱ ሲሰነጠቅ መግባት የሌለበት ይገባል፣ በሽታው ይብሳል። በሽታው ደግሞ በተራው ምርጊቱን ይሰነጥቃል። እሱን ነው የምናጠና። አንዳንዴም ምርጊቱ መድኃኒቱን ራሱን አላስገባም ይላል።»

«ነቀዙን ከልክሎ እጅሽንም ከለከለሽ በይኛ!» ብላት እስኪያማት ሳቀች። ከይታይሽ ሳቅ ጋር አንድ ነው፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ከተመለሰች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። ከሥራ ቤታቸው የአንዱን ልደት ሊያከብሩ ሻማ ስትለኩስ እንደ ልማዷ «እኔ ነኝ የጫርሁት!» ብላ፣ እዚያ ያሉት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሳቁባት። «ነገርኋቸው» አለችኝ። «ይታይሽ የምትባል የአያቴ እህት ነበረች ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ሻማው አልቆ ኬኩ ላይ እስኪፈስስ ሰሙኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ያኔ በእኛ ቤት ክብሪቱ ይነገር ነበር፣ በሽታው አይነገርም ነበር፤ እህቴም ዕድሜዋን ሙሉ ክኒኗን ከቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ነው የያዘች። ዛሬ ያች የተደበቀች ልጅ ስሟ በተመራማሪዎቹ ፊት ይጠራል። መሽቶ ነበርና ተነሥቼ ክብሪት ጭሬ ኩራዟን ለኮስሁ፤ ከቤቱ ብቻዬን ነኝ። ቢሆንም ተናገርሁ።