አንገቴ ላይ የቋጠርኩት ፍላሽ

ከአዲስ አበባ የወጣን ሌሊት እህቴ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ «ወረቀቶቹን ይዘሻል?» አለችኝ። ይዣለሁ። የልጄ የማርታ የልደት ሰርተፍኬትና የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሻንጣዬ ውስጥ ነበሩ። የአልማዝ ልጅም በኮምፒውተሩ ስካን አድርጎ ፍላሽ ላይ ጭኖልኛል። ፍላሹን ከማተቤ ጋር ቋጠርኩት፤ ማተቤን መቼም አላወልቅ።

ደግ አደረግሁ። ወደ ደቡብ ሱዳን በሚያስገባው ኒሙሌ ድንበር ላይ፣ አውቶቡሱ አናት ላይ የነበረው ሻንጣ ዝናብ ጠጥቶ ወረቀቶቹ እንደ ገንፎ ሆኑ። ለአልማዝ ደወልኩ። የልጇ ኮምፒውተር ተሸጧል፤ ሌላ ማስረጃ ለማውጣት ደግሞ ራሴ መመለስ ነበረብኝ። የቀረን ፍላሹ ብቻ ነው።

ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር ውስጥ አንድ ያገሬ ሰው ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠርኩና ማርታን ላስመዘግብ ካቶር ሰፈር ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። ምዝገባው ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ማርታ በእንግሊዝኛዋ ታስተረጉምልናለች።

«ማማ፣ ፍላሹን ከአንገትሽ አውጪው» አለኝ ጸሐፊው።

«ይሄ የክርስትናዬ ክር ነው፤ አይወልቅም።»

ሳቀ። «እንግዲያው አንቺንም አብረን እንሰካሻለና!»

ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበስኩለትና ፍላሹን አንገቴ ላይ እንዳለ ሰካው። እኛ አገር ቢሆን ገና ሳልናገር «ነገ ተመለሺ» እባል ነበር። የዚህ ልጅ ትህትና ነው ያዘናጋኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለ። «ፎርማት ይደረግ ወይ ነው የሚለው።» እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ።

እኔ እሺ ልል ነበር። ማርታ ግን ጮኸች፦ «እማዬ! ሁሉንም ያጠፋዋል!»

ብድግ ስል ፍላሹ ተነቅሎ ደረቴን መታኝ።

«ማማ፣ ኮምፒውተሬንም ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አለ ጸሐፊው፣ እሱም ደንግጦ።

ከሆቴላችን አጠገብ የስልክ ዕቃ ለሚሸጠው ለአብዱ እያለቀስኩ ነገርኩት። ፍላሹን አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ የእህትሽ ልጅ ኮምፒውተር ማክ ነበር?»

ማርታ አዎ አለች።

«የትምህርት ቤቱ ዊንዶውስ ነው። ፍላሹ ጤነኛ ነው፤ በማክ ስለተዘጋጀ ነው ማንበብ ያቃተው።»

«ታዲያ ማንበብ ያቃተውን ያጠፋል?»

«ያላወቀውን ልክ እንደ ባዶ ይቆጥረዋል።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን ማንበብ ያቃተኝን ወረቀት ባዶ ነው ብዬ ጥዬ አላውቅም።

አብዱ ሁለቱም የሚያነቡት ሌላ ፍላሽ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። ማክ ያለው አንድ የሆቴል እንግዳ ለመንኩ፤ እንደገና አጎነበስኩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ገለበጠልኝ። የማርታን ስም ስክሪኑ ላይ ሳይ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በማግስቱ ጸሐፊው አትሞ መዘገባት።

ወዲያው ለአልማዝ ደወልኩ።

«ተመዘገበች?»

«ተመዘገበች!»

እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ «ስንት ዓመት ነው የምትማረው?» አለችኝ።

«አራት።»

እልልታው ቆመ። «አራት ዓመት እዚያው?»

እኔም ቁጥሩን ገና አሁን የሰማሁት ያህል ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ቀን የሮጥኩት አራት ዓመት እዚህ ለመቆየት ነበር። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ? አልማዝ?»

«አለሁ» አለች።