ጎማ የለቀቅኩበት ኩሬ

ባለቤቴ በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የጀመርኩለት ሰው ሁሉ “ነፍስ ይማር” ስለሚለኝ ነው። እዚሁ ቦንጋ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ተኝቷል።

ሐዋሳ ያደገ የባዮሎጂ መምህር ነው። ቦንጋ ተመድቦ መጣ፣ እኔን አገባና ቀረ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የውሃ አበባ ሥር በጭቃ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ በረንዳው ፊት ለፊት ራሱ በሲሚንቶ በለሰነው ኩሬ ውስጥ ተከለው። ቅጠሎቹ እንደ ሰሐን ውሃው ላይ ይተኛሉ። አበባው ነጭ ነው፤ ጠዋት ይከፈትና ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። “ሰው ጎመን ይተክላል፣ አንተ ኩሬ ታጥባለህ” እያልኩ እተርበው ነበር። ይስቃል። ትንኝ እንዳይራባበትም ትናንሽ ዓሣዎች ለቆበት ነበር።

አምና ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ተያዘ። ሆስፒታል ከርመን ስንመለስ ዓሣዎቹ አልቀዋል፣ ኩሬው አረንጓዴ ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣችና “እትዬ፣ ያቆረ ውሃ ወባ ያመጣል። ወይ ይደፈን፣ ወይ ይፍሰስ” አለችኝ። እሱ እያየ ልደፍነው? እንዴት ተደርጎ! ከቤታችን በላይ ካለው ምንጭ ጎማ ስቤ ለቀቅኩበት። ውሃው በአንድ በኩል እየተንፏፏ ይገባል፣ በሌላው ወደ ቦዩ ይወጣል። ኮራሁ። የታመመ ሰው የውሃ ድምፅ ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ እንጂ ምን ክፋት ነበረኝ?

ጠዋት ጠዋት ፊዚዮቴራፒ የሚሠራለት ባለሙያ ይመጣ ነበር። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። የማይታዘዘውን እግር ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ የእግሩ ጣቶች መነቃነቅ ጀምረው ነበር። “በዱላ ይሄዳሉ” ብሎኛል። ተስፋዬ ሁሉ ያቺ እግር ላይ ነበረች።

ከዚያ አንድ ቃል ተመለሰለት። “ይቁም” አለ። እልል ማለት ነው የቀረኝ! በማግስቱም “ይቁም” አለ። ባለሙያው ፊቱ ቆሞ እግሩን ይዞ ሳለ፣ ግራ እጁን ወደ ፊት ይዘረጋና “ይቁም፣ ይቁም” ይላል። እንባውም ይወርዳል።

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። አለቆች ፋይል ጠርዝ ላይ “ይቁም” ብለው ከመሩበት፣ የተጀመረው ነገር ይቋረጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ስንት ዓመት ያንን ቃል ስታነብ የኖረች ሴት ሌላ ምን ታስባለች? አመመው፣ በቃኝ ማለቱ ነው አልኩ። ባለሙያውን “ይቅርበት፤ ራሱ ነው ያለው” አልኩት።

“እትዬ፣ አሁን ካቆምን እግራቸው ይደርቃል። ያስቡበት እንጂ” አለኝ።

ምን አስባለሁ? በስንት መከራ ያወጣትን አንዲት ቃል ልሻርበት? አሰናበትኩት።

ባለቤቴ ግን ቃሉን አልተወም። ጠያቂ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ሰው ከለከልኩ። ሬዲዮውን አጠፋሁ። አሁንም “ይቁም።” አንድ ቀን “ቆመ እኮ! ሰውየው ቀረ፣ ሌላ ምን ይቁምልህ?” ብዬ ጮህኩበት። አፌን ቁርጥ ያድርገው! በዚህ መሀል የአበባው ቅጠል እያነሰ፣ ቢጫ እየሆነ ሄደ፤ እንቡጥ የሚባል ጠፋ። እኔ አበባውን ከመጤፍም አልቆጠርኩት።

ከወራት በኋላ አብሮት ያስተማረ ጓደኛው ከሺሺንዳ ሊጠይቀው መጣ። ገና ሳይቀመጥ ኩሬውን አየና “ምነው! እዚህ ላይ ጎማ የለቀቀው ማነው? ይሄ አበባ የሚወርድ ውሃ አይወድም እኮ። የረጋ ነው የሚፈልገው” አለ።

ባለቤቴ በግራ እጁ ፍራሹን እየደበደበ “ይቁም! ይቁም!” አለ።

እንግዳው ሄዶ ጎማውን አነሳው። ውሃው ጸጥ አለ። ባለቤቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ብሎት አያውቅም። እኔ ግን በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ባለሙያውን ለምኜ አመጣሁት። እግሩን ያዘ፣ ሊያጥፈው ሞከረ፤ ጉልበቱ እንቢ አለ። ባለቤቴ ከሕመሙ የተነሳ ጮኸ። ባለሙያው ብርድ ልብሱን መልሶ አለበሰውና “ከእንግዲህ የምንሠራው እንዳያማቸው ብቻ ነው” አለኝ። “መሄዱስ?” አልኩት። ዓይኔን ሳያይ ቦርሳውን አነሳ።

እሱ ሲሄድ አልጋው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ቃሉን እንዴት እንደ ሰማሁት፣ እግሩን በገዛ አፌ እንዴት እንዳስጣልኩት። ስጨርስ በደህና እጁ ራሴን ዳበሰኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።