የደስታነሽ ክርን

ዓፊፋን መጀመሪያ ያወቅኋት በአባቷ ነው። አባቷ ኢስሃቅ ጅጋ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ እኛ የገጠር ሴቶች የበዓል ቀሚስ የምናስቆርጠው እሱ ዘንድ ነበር። ልጅቱ ካደገች በኋላ ቡሬ ሄዳ ኮምፒዩተር ተምራ መጣችና ሱቁን በመጋረጃ ከፍላ ግማሹን ፎቶ ቤት አደረገችው። ይኸ እንግዲህ ከሚሊኒየሙ በኋላ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ይሆናል። እኔ ዘመን መቁጠር ላይ ደካማ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደሉን እንጂ ቁጥሩን ብዙም አልያዝሁም። የማስታውሰው፣ የመንደራችን ሴቶች ሁሉ ነጭ የፕላስቲክ ጫማ ያደረግንበት ዓመት መሆኑን ነው።

ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነበረች። ሰው ስታይ አንድ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፤ አባቷ ጨርቅ ሊቀድ ሲል እንደሚያደርገው። ስለሷ ልጽፍ የተነሳሁት ውለታዋ ስላለብኝ ነው። የማርያም ማኅበራችንን ከመፍረስ ያተረፈችልን ይቺው የኢስሃቅ ልጅ ናት።

ማኅበራችን የሴቶች ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ባለተራዋ ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ጽዋውን የተቀበለች በሚመጣው ወር ትደግሳለች። የተቀበሉትን ጽዋ መመለስ በእናቶቻችንም ጊዜ ተሰምቶ አይታወቅም።

የዚያን ወር ተራው የሠርክአዲስ ነበር። ትልቃችን ወለተ ሐና፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ላይ ፎቶ ተነስተን ልያችሁ» አለች። ፎቶው እንደ ጽዋው ከቤት ቤት እየዞረ ባለተራዋ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ተባለ። ሠርክአዲስ ደግሞ ችኩል ናት፤ ፎቶው ገና ሳይነሳ ፍሬሙን ከፍኖተ ሰላም ገዝታ አምጥታለች። ጠርዙ ወርቅማ፣ ባለ መስታወት።

ዓፊፋ ካሜራዋን አንግታ ከጅጋ በእግሯ መጣች። ሠርክአዲስ ለሷ ብላ የማያሰክር ቀሪቦ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠጣችና ተነሳች።

«ግማሾቻችሁ ከፊት ቁጭ በሉ፣ ግማሾቻችሁ ከኋላ ቁሙ» አለችን።

ማን ይስማት! ቁጭ ካልን ጫማችን አይታይም።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከጉልበቴ በላይ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠርሁ?» አለቻት ሠርክአዲስ።

እንደ አጥር ተደርድረን ቆምን። ደስታነሽ ጽዋውን ተቀብላ በጨርቅ ስትጠቀልል ዘገየችና እየሮጠች መጥታ ዳር ላይ ቆመች፤ ጽዋውን እንዳቀፈች። ደስታነሽ ጎረቤቴ ናት፤ አብረን ያደግን፣ አብረን የተዳርን። በዚያው ክረምት ጥጃዋ ጎመኔን በልቶብኝ ተኮራርፈን ታርቀናል። እኔስ የታረቅን መስሎኝ ነበር።

ዓፊፋ ፍሬሙን አየችና ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ይኸ ጎኑ አጭር ነው፤ ፎቶው ወደ ጎን ይረዝማል። ወይ ከላይና ከታች ነጭ ይተርፋል፣ ወይ ከዳር ይሄዳል» አለች። እኛ «ነጭ» ያለችውን ብቻ ሰማን።

«ነጭ አይተርፍም! ሙሉ ይሁን!» አልን ባንድ አፍ። ክፍት ቦታ የተረፈው ፍሬም ዳቦ የጎደለው ድግስ መሰለን።

ማተሚያው ያለው ፍኖተ ሰላም ነበር። ዓፊፋ ፎቶውን በፍላሽ ላከች፤ «ፍሬሙን ይሙላ» ብላ። ታትሞ በመጣ ጊዜ ዓፊፋ ሱቅ በፍሬሙ ገብቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ጠበቀኝ። ለገበያ ወርጄ ስለነበር ተቀብዬ በቀጥታ ለባለተራዋ ለደስታነሽ አደረስሁ።

«ፍቺው ፍቺው፣ እስቲ ውበታችንን እንየው» አለች። ፈታነው። እየሳቀች ማየት ጀመረች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አልጣሽ፣ እኔ የታለሁ?»

ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ፈለግናት። መጨረሻ ላይ፣ ከማኅበርተኛችን ከያምሮት ጎን፣ አንድ ክርን ብቅ ብሏል። ያ ክርን ያቀፈው ጽዋም የለ፣ ባለቤቷም የለች።

«ይኸው አለሽ እኮ» አልሁ፣ ክርኑን እያሳየሁ።

«ክርን ነኝ እኔ?»

«ኧረ ደስታዬ…»

«ጎመንሽ ነው አይደል? ያንን ቂም እስከ ዛሬ ይዘሽ ኖሯል! እኔን ስታስቆርጪ ጽዋውን እንኳ አልማርሽውም!»

«ኧረ በማርያም! የታሸገ ተቀበልሁ እንጂ ምኑን አውቄ!»

«በይ ይዘሽው ሂጂ። እኔ የሌለሁበትን እኔው ግድግዳ ላይ!»

በማግሥቱ ልጇ ጽዋውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥታ ደጃፌ ላይ አኖረችው። «እማዬ ‹ለሙሉዎቹ ስጭ› ብላለች» ብላኝ ሄደች። ጽዋውን ወደ ቤት አስገባሁ። ሄጄ ለወለተ ሐና ነገርኋት። «ሃያ አንድ ሳይደርስ ካልተቀበለች ማኅበሩ እዚህ ላይ ማብቃቱ ነው» አለች። «እኔም ሳልሞት ፍርሰቱን አየሁ ማለት ነው።»

ፍሬሙን አዝዬ ጅጋ ወረድሁ። ዓፊፋ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች፤ ኮምፒዩተሩን ከፈተችልኝ። ደስታነሽ አለች! ሙሉዋን፣ ጽዋዋን አቅፋ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች። የኮምፒዩተሩን መስታወት ዳሰስሁት።

«ታዲያ ማን አወጣት?»

«ማሽኑ ነው፣ እትየ አልጣሽ። ሙላ ሲሉት መሃሉን ይይዝና ትርፉን ከሁለቱም ጫፍ ይጥላል። እሱ የበር መቃንና ሰው አይለይም። በወዲያ በኩል የጣለው የእትየ ሠርክአዲስን መቃን ነው፣ በወዲህ እትየ ደስታነሽን።» ቀጥላም «ጥፋቱ የኔ ነው። ቆርጬ መላክ ነበረብኝ፤ ከመቁረጤም በፊት ማን እንደሚሄድ ላሳያችሁ ይገባ ነበር፤ ሲመጣም ሳልቆጥራችሁ አሸግሁት» አለች።

እኛ ጮኸንባት እንጂ እሷስ ነግራን ነበር። እንዲህ ብላት አልሰማችኝም።

ከብስኩት ካርቶን ላይ በፍሬሙ ልክ ቀዳዳ ቆርጣ ኮምፒዩተሩ ላይ አሳረፈችው። ወደ ደስታነሽ ስትገፋው ደስታነሽ ገባች፤ በወዲያ ጫፍ ግን ወለተ ሐና እኩሌታዋ ሄደ። ወደ ወለተ ሐና ስትመልሰው ደስታነሽ ወጣች። አሁንም ገፋች፣ አሁንም መለሰች።

«አዲስ ብናነሳስ?» አለች።

«ደስታነሽ መች ከኛ ጋር ትቆማለች?»

ካርቶኑን አነሳችና ፍሬሙን በአንድ ዓይኗ ብዙ ጊዜ አየችው። «እንግዲያው እንጨቱ ይቆረጥ» አለች።

ራሷ ፍኖተ ሰላም ሄዳ፣ መብራት ጠፍቶ ስትጠብቅ ውላ፣ ሁላችንም ያለንበትን አሳትማ መጣች። ከላይና ከታች የተረፈውን ነጭ በምላጭ ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ አናጢው ባምላኩ ዘንድ ሄድን።

«ዓፊፋ፣ ሰው ፎቶውን ለፍሬም ያስቆርጣል እንጂ ፍሬሙን ለፎቶ ያስቆርጣል? ደኅና ዕቃ ልታበላሺ!»

«አንተ ቁረጥ፤ ከተሰበረ በኔ።»

እያጉረመረመ ቁመቱን ሦስት ጣት ያህል አሳጠረው። መስታወቱ ላይ ሲደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ቀጭ አለና እንደ ክር ቀጥ ብሎ ለቀቀ።

አብረን ወደ መንደር ወጣን። ደስታነሽ ጓሮዋ ቃሪያ ትለቅማለች። ለኔ ቀና አላለችም፤ ለዓፊፋ ግን ተነሳች።

«ግቢ ልጄ። አንቺን ነው።»

እኔ አጥሩ ላይ ቀረሁ። ዓፊፋ ፍሬሙን ሰጠቻት። «እትየ ደስታነሽ፣ ጥፋቱ ከኔ ነው። እትየ አልጣሽ ያሸግሁትን ነው የተቀበሉኝ፤ ወላሂ አላዩትም።»

ደስታነሽ ወደ ብርሃን አዞረችው። ጣቷን ከፊት ፊት እያሳለፈች ሄዳ ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አፌን ከፍቻለሁ።»

«እየሮጡ ስለመጡ ነው።»

«የወለቀው ጥርሴም ይታያል።»

«ይቆረጥ?» አለች ዓፊፋ።

ደስታነሽ ሳቋ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ አልሆነም። እንደገና ፎቶውን አየችና «ፍሬሙስ ምን ሆነ? አጠረ እኮ» አለች።

«እርሰዎ እንዲገቡ ቆረጥነው።»

ወርቅማውን ጠርዝ የተጋጠመበት ላይ ዳበሰችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ምን ትገተሪያለሽ? ጽዋዬን የት አደረግሽው?»

«ቤቴ ነው።»

«በይ አምጪው፤ ጌሾዬን ሳልነክር ቀኑ ደረሰ!»

በሃያ አንድ እሷ ዘንድ በላን፣ ጠጣን። ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ ነበር። ዓፊፋም ተጠርታ መጥታ የሽምብራ ቆሎዋን እየቆረጠመች ወለተ ሐና ስትመርቃት «አሜን» ትል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓፊፋ ያንን ካርቶን ከእጇ አልለየችም። ገበሬውም ነጋዴውም ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ፊት ታስቀምጠውና ካርቶኑን አሳርፋ «ይኸ ይቀራል፣ ይኸ ይሄዳል፤ ይስማማሉ?» ትላለች። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከበሬያቸው ጋር ተነስተው ኖሮ «የበሬዬ ቀንድ ከሚሄድ የኔ እግር ይሂድ» ሲሏት ሰምቻለሁ። እንዳሉትም አደረገችላቸው።

ወለተ ሐና በዓመቱ አረፈች። ከዚያ ፎቶ ሌላ ምስል አልነበራትም። ልጆቿ ተውሰው ወስደው ዓፊፋ የሷን ብቻ ለይታ አወጣችላቸው፤ ፊቷ አልተጎደለ፣ ነጠላዋ አልተነካ። ያን ቀን ካርቶኑን ወደ ደስታነሽ ገፍታ ብትተወው ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። አላህዋ ይስጥልኝ፣ የኔም እመቤት ትጠብቃት፤ ሌላ የምከፍላት የለኝም።

ዛሬ ዓፊፋ ቡሬ ተድራ እዚያው ሱቅ ከፍታለች። አምና እኔና ደስታነሽ ለዘመድ ሠርግ ሄደን ጎራ አልን። ማተሚያው አሁን የራሷ ነው። እቅፍ አድርጋ ሳመችንና «ሁለታችሁን ላንሳ፤ ለኔ ማስታወሻ» አለች። እኔ አጎንብሼ ነጠላዬን ሳስተካክል ደስታነሽ በዚያ ክርኗ ጎኔን ወጋ አደረገችኝ።

«ወደ መሃል ግቢ እንጂ፤ ዳር ቆመሽ ስትቀሪ በኔ ልታሳብቢ!»

ሳቄን ሳልጨርስ ዓፊፋ አነሳችን። በፎቶው ላይ አፌን የከፈትሁ እኔ ነኝ።