ሐብሐቡ ወርዶ እኔ የተጫንኩ ዕለት

ኢትዮጵያ ሚሊኒየሙን ልታከብር ሦስት ዓመት ያህል ሲቀራት የገጠመኝ ነው። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር እንኖር ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን ስለምስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ያን ዕለት ግን ከሞት ጫፍ ነበርኩ።

የወሎ ልጅ ነኝ። ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሰይድ ቀለም ቀቢ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ስለነበር አሠሪዬ አልትራሳውንድ እንድነሣ ክሊኒክ ላከችኝ። ወጣቱ ሐኪም ሆዴን ቀባብቶ በመሣሪያው ሲያይ ቆየና ፈገግ አለ። «ተማም» ያለኝ መሰለኝ። በዐረብኛ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

«ተማም! አልሐምዱሊላህ!» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በሁለት ሳምንት ተመለሺ አለኝ። ሁሉም ተማም ከሆነ ምን ልሠራ እመለሳለሁ ብዬ ቀረሁ። ሆዴ በር አላሳልፍ ሲለኝ እንኳ ሰይድ «ጀግና ነው የያዝሽው!» እያለ ይኩራራ ነበር።

ምጤ አርብ ረፋዱ ላይ መጣ። ጎረቤቴ፣ የጎንደሯ አልማዝ፣ ሐጃ በቱልን ጠራችልኝ። ሐጃ በቱል የሰፈሩ ዳያ ናቸው፤ ተምረው ፈቃድ ያወጡ አዋላጅ። ሰይድን «ወንድ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ወደ ጁምዓ ሶላት አባረሩት።

አልማዝ «ማርያም ማርያም!» ስትል፣ እኔ «ያ አላህ!» ስል፣ ሴት ልጅ ዱብ አለች። አልማዝ እልልታዋን ለቀቀችው። ሁለተኛውን ሳትጨርስ ሐጃ በቱል ሆዴን ዳሰሱና «ኡስኩቲ! ዝም በይ!» አሏት።

«አንድ ሌላ አለ» አሉ። «ደግሞ ተጋድሟል።»

«ዶክተሩ እኮ ተማም ብሎኛል!» አልኳቸው።

ፊቴን አዩኝ። «ልጄ፣ ተማም ነው ያለሽ ወይስ ቴማን?»

ቴማን ሱዳኖች መንታን የሚጠሩበት ቃል ነው። ለካ ሰውየው መንታ ነው ሲለኝ ኖሯል! በዚያ ምጥ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ አልማዝም ልጅቷን እንደታቀፈች መሬት ተቀምጣ ሳቀች።

ሐጃ በቱል ግን አልሳቁም። ያኔ አክስቴ ትዝ አለችኝ። አገር ቤት፣ አንዱን ወልዳ ሁለተኛው ተጋድሞባት፣ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዷት ነው ያረፈችው። ሳቄ ደረቀ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ይኼ ግን የኔ ሥራ አይደለም፣ የሐኪም ነው። ሆስፒታል፣ ያላ!»

አልማዝ በባዶ እግሯ ሮጠች። ሰዉ መስጊድ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል። ያገኘችው ሐብሐብ የጫነ ፒክአፕ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ የኋላውን ከፍተው ሐብሐቡን መንገድ ላይ ያንከባልሉት ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች ወጥተው አብረው አወረዱ። ፍራሽ ተዘረጋና እኔ ተጫንኩ። ሐጃ በቱል ከጎኔ፣ አልማዝ ከነልጅቷ ጋቢና። ሽማግሌው ጥሩንባ እየነፉ በመስኮት ይጮኻሉ፦

«መንገድ ልቀቁ! ግማሹን ወልዳለች!»

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም የልጁ ልብ ደህና እንደሚመታ ነገረችኝ። ከውጭ በእጇ ልታዞረው ሞከረች፤ እምቢ አለ። «ኦፕራሲዮን» አለች። ባል ይፈርም ተባለ።

በዚህ መሃል ሰይድ እያለከለከ ደረሰ። ከመስጊድ ሲወጣ ነው የሰማው። በጥድፊያ ያደረጋቸው ጫማዎች ሁለቱም የግራ ነበሩ፤ አንደኛው የሰው።

«ሴት ወለደች አሉኝ! ታዲያ የምን ፊርማ ነው?»

«ለሁለተኛው» አለችው ነርሷ።

«የምን ሁለተኛ?» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ከዚያ እየሳቀም እያለቀሰም ፈረመ።

ስነቃ በቀኜ ሴት፣ በግራዬ ወንድ። አልማዝ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ነርሶቹ አስወጧት፤ ግቢ ወጥታ አቀለጠችው። ሽማግሌው በማግስቱ ሊጠይቁን መጡ። ስለ ሐብሐቡ ይቅርታ ስንላቸው «ሴቶቹ ሰብስበው ጠብቀውልኛል። የተሰነጠቀውን ግን ለአንቺ ጤና ብለው በልተውታል» አሉን።

ልጆቼ አሁን ትምህርት ቤት ገብተዋል። እኔም አንድ አመል አወጣሁ። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ነፍሰ ጡር ካለች ክሊኒክ አብሬያት እገባለሁ። ሐኪሙ ውጤቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት «በቃል አይሆንም፣ በጣትህ አሳየን!» እለዋለሁ። ልጅቷ በኀፍረት ትሸፈናለች፣ ሐኪሙ ይስቃል። አንድ ጣት ብቻ ካነሣ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ ቅር የሚለኝ።