ፈለቀች ግድግዳዋን ያለበሰች ጊዜ

ግድግዳ ሰው ያስለቅሳል? ፈለቀችን አስለቅሷታል። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ ያለው የቀበሌ ቤቷ ግድግዳ ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ ጭዱ ወጥቶ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር መግቢያ ይጠፋት ነበር። አሁን ደግሞ ልጇን ምንትዋብን ለመጠየቅ እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ ደኅና ልጅ ነው፤ ምንትዋብም ወዳዋለች፤ ፈለቀች ስለት የተሳለችበት ጉዳይ ነው። ታዲያ ይህን ራቁቱን ግድግዳ አይተው ምን ይበሉ?

ቀለም ከኅብረት ሱቅ ከጠፋ ከርሟል። ኖራም ቢገኝ ኪሷ አይደፍረውም። የቀረው ያው ጋዜጣ ነው። ባሏ ወልደጻድቅ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለሆነ ተነቦ የተጣለውን ታቅፎ አመጣላት፤ እሷም ከራሽኑ ዱቄት ቀንሳ ሙጫ አፈላች። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከፊት ገጹ ነው። የትኛውም ጋዜጣ ቢነሣ ፊት ገጹ ላይ የአብዮቱ መሪ የሊቀመንበሩ ፎቶ አለ። ወልደጻድቅ ይህን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ታች አትለጥፊው፣ እግር ይነካዋል አለ። ከምድጃው በላይም አይሆንም፣ ጥላሸት ይለብሳል አለ። ማዕዘኑ ላይ ፊቱ ታጠፈ ብሎ የለጠፈችውን አስነሣት። ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሬ ልለጥፈው ብትለው ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘግቶ በሹክሹክታ ተቆጣት። በሹክሹክታ መቆጣት እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ማቃጠልማ ጭራሽ አይታሰብም። ሙጫው ረጋ፣ ወገቧ ተቆረጠ፣ ግድግዳው እንዳለ አለ። ምን ዓይነት ፈተና ነው እቴ! በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ዱቄቷ!

በመጨረሻ መረራት። ሁሉንም ከላይ አድርጌ እገላገላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል እንዳትናገረኝ አለችው። የፊት ገጾቹን ለይታ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ደረደረቻቸው፤ ከዚያ በታች የእግር ኳሱን፣ የትራክተሩን፣ የቡና ለቀማውን ገጽ አስከተለች። ቤቱ ጥርት አለ። ወልደጻድቅ እንኳ እጅሽ ይባረክ አላት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሾላ በኩል መጡ። ፊት የቀደሙት አቶ ገብረየስ የሚባሉ፣ ጋቢያቸውን በደንብ ያጣፉ ሰው ናቸው። መቼም ሥርዓቱ ይታወቃል፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል እንጂ ተቀመጡ ቢሉት በጄ አይልም። ፈለቀችም ይህንኑ እየጠበቀች ለወጉ ያህል ተቀመጡ እንጂ አለቻቸው።

አቶ ገብረየስ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀና አሉ። ዓይናቸው ከላይኛው ረድፍ ላይ አረፈ፤ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እያለ ቤቱን ዞረ። ጓደኞቻቸውም ቀና አሉ። ከዚያ ወልደጻድቅን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ተቀመጡ።

ፈለቀች ጥያቄው እንደቀረ ገባት፤ ጠላ ቀዳችላቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ጤፍ መወደድ ጀምረው ነበር፤ ቶሎ ብለው ተዉት። ጠላውን ቀምሰው፣ በዚህ ስናልፍ ሰላም እንበላችሁ ብለን ነው አሉና ተነሡ። ወልደጻድቅ እስከ በር ሸኛቸው፤ እኛ እኮ ካድሬ አይደለንም ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ይህ ይባላል? ለማን ተብሎ?

ማምሻውን የባሏ እኅት ወለተማርያም ከሾላ የሰማችውን ወሬ ይዛ መጣች። የልጁ ታላቅ ወንድም በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ የቀረ ነው። ቤተ ዘመዱ ከካድሬ ቤት አንጋባም ብሏል፤ ልጁ ኧረ አይደሉም ብሎ ቢምል ማን ይስማው!

ፈለቀች ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። በርጩማ ላይ ወጥታ የአንዱን ፎቶ ጠርዝ በጥፍሯ ፈለቀቀች። ወልደጻድቅ እግሯን ያዘ፤ ልቀቀኝ ብላ ስትታገለው ምንትዋብ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"ተይው እማዬ" አለቻት። "ወረቀት ሲቀደድ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል።"