ጋሽ ፍሬን በእሽቅድምድሙ መንገድ

ጋሽ ፍሬን እናት አባት ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረዋል። የማስተማሪያ መኪና ደግሞ፣ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አስተማሪው እግር ሥርም አንድ ፍሬን አላት። ጋሽ ፍሬን ለዚያች ፍሬን እረፍት ሰጥተዋት አያውቁም። ተማሪው ሩቅ ያለችውን ውሻ ገና ሳያያት እሳቸው ረግጠዋል፤ ውሻዋ መንገድ የመሻገር ሐሳብ ባይኖራትም ረግጠዋል። አንዱ ቀልደኛ ተማሪ፣ «ከጋሽ ፍሬን ጋር ስትነዳ ያ እንቁላል እግር አውጥቶ ጥሎህ ይሄዳል» ብሎ ስላስወራባቸው ወሬው እሳቸው ጆሮ ደረሰ። «ይሂድ» አሉ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ለነገሩ በእጃቸው ያለፈ አንድም ተማሪ ተጎድቶ አያውቅም።

ነገሩ ሥራ ቦታ ላይ ቢቀር ምንም አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው የመኪናውን ወለል ይረግጣሉ። አልጋ ላይም ይረግጣሉ። ባለቤታቸው ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «በእንቅልፍ ልቡ እየረገጠ ቅልጥሜን ጨረሰው፤ ከሰው ጋር የተጋባሁ መስሎኝ ነበር» ይላሉ።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ያሳፈረቻቸው የገዛ ልጃቸው ነበረች። አጠገቧ ተቀምጠው ሲያለማምዷት እንከን አይወጣላትም፤ ማርሹን፣ መዞሩን፣ የኋሊት መግባቱን ሁሉ ታውቃለች። ለፈተና ስትቀርብ ግን ትወድቃለች። ደግማ ቀረበች፣ ወደቀች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ፈታኙ ጋሽ ፍሬንን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «ዘግይታ ነው ፍሬን የምትይዘው፤ ልቧ የት እንዳለ እንጃ» አላቸው። እሳቸውም ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ ልጅ ለመሪ አልተፈጠረችም!» አሉ። ልጅቱ መጀመሪያ ልምምዱን ተወችው፣ ኋላም አገሩን ተወችው፤ ባሕር ማዶ ሄዳ ሥራ ያዘች፣ አገባችም። እዚያ መንጃ ፈቃድ ማውጣቷን ጋሽ ፍሬን የሰሙት ከባለቤታቸው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እነሆ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እሷ ቤት ተቀምጠዋል። ሥራዋ የሆስፒታል አንሶላ በትልቅ ቫን ማመላለስ ነው። ጠዋት ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት ቁልቁል ያዩዋታል። ያንን የሚያህል መኪና በግንቡና በመብራት ምሰሶው መካከል የኋሊት አስገብታ በአንድ ጊዜ ስታቆመው ሲያዩ ደረታቸው ይነፋል። «እሰይ የኔ ልጅ!» ሊሏት አፋቸው ላይ ይደርስና በሩን ከፍታ ስትገባ፣ «እጅሽን አልበረደሽም?» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳቸው። አብረዋት ሊወጡ ሲነሱ ልጅቱ ቁልፉን ለባሏ ትሰጠዋለች። «ደክሞኛል፣ አንተ ንዳ» ትለዋለች። በእረፍት ቀኗም ደክሟታል፣ ስትስቅ ስትጫወት አርፍዳም ደክሟታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቷ ባሉበት መሪ መጨበጥ እንደማትፈልግ ጋሽ ፍሬን ገባቸው። ያቺ ፈተና ሜዳ ላይ ያመለጠቻቸው ቃል ትዝ ባለቻቸው ቁጥር አልጋቸው ላይ ይገላበጣሉ። የመመለሻቸው ቀን ደግሞ ቀርቧል። ልጃቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነዳቸው ወደ አገር ከተመለሱ፣ በቁማቸው ይቅር ሳትላቸው የቀረች ያህል ተሰማቸው።

ለባለቤታቸው ስልክ ደውለው አማከሩ።

«ንጂኝ በላትና ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሏቸው ባለቤታቸው። «አፍህን ዝጋ፣ እግርህን ሰብስብ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ቃሌ ነው። ትንፍሽ አልልም።»

«አፍህስ ይሁን፤ ቃልህ እግርህ ድረስ ይወርዳል?»

ጋሽ ፍሬን ግን ልጃቸውን ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት ያምጡት? ዛሬ ነገ ሲሉ አማቻቸው ቀደማቸው። አማቻቸው ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የሚያነሳ፣ ሰው ማስደሰት የሚወድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚያዩት የእሽቅድምድም መንገድ ከዚህ ሩቅ አይደለም። እሁድ እሁድ ለማንም ክፍት ነው፤ በራስ መኪና ገብቶ መዞር ይቻላል። ሁለት ዙር ገዝቻለሁ፤ አንዱን እርስዎ ይነዱታል» አላቸው። ጋሽ ፍሬን ያንን መንገድ በደንብ ያውቁታል። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው፣ «ለዚህ ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠው?» እያሉ ስንቱን ሻምፒዮን ሲሰድቡ ኖረዋል።

እሁድ ደረሰ። መግቢያው ላይ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። መሬት ሊስሙ ምንም ያልቀራቸው መኪኖች፣ ቆዳ በቆዳ የለበሱ ሞተረኞች፣ ልጆቹን ኋላ የጫነ የቤት መኪና ሳይቀር ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጎን አንድ ተጎታች ቆሟል፤ ላዩ ላይ አፍንጫው የተጨፈለቀ ቀይ መኪና ተጭኗል። ጋሽ ፍሬን ቀዩን መኪና አዩት፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ከዚያ ደግመው አዩት።

የመጀመሪያውን ዙር እሳቸው ነዱ። አማቻቸው ጎናቸው፣ ልጃቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬቻ ያበራሉ፣ ስፖኪዮ ያያሉ፣ ማርሽ ይቀንሳሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ እንኳን ፍሬቻ አያስፈልግም» አለ አማቻቸው በትሕትና።

«የኋላው ሰውዬ በምን ይወቅ?»

የኋላው ሰውዬ እንኳን ፍሬቻቸውን እሳቸውንም ሳያይ እንደ ንፋስ አለፈ። ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ሞተር ብስክሌቶቹ እየጮኹ ግራና ቀኝ አለፏቸው። ሲጨርሱ የጋሽ ፍሬን ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ አለቀ፣ ወደ ቤት እንሂድ ሊሉ ነው።

«ሁለተኛውን እኔ ነኝ የምነዳው» አለች ልጃቸው ማንንም ሳታይ። ቆየት ብላም፣ «አባዬ፣ ልትሄድ ነው፤ አንዴ እንኳ አጠገቤ ትቀመጣለህ?» አለቻቸው።

ይህንን ሲመኙ ከርመው፣ አሁን የፈለጉት ሲደርስ ዓይናቸው ወደ ቀዩ መኪና ሄደ። ከመንገድ ሁሉ እዚህ? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። «እቀመጣለሁ እንጂ» አሉ። አማቻቸው ወርዶ አጥሩ ዘንድ ቆመ።

ጋሽ ፍሬን ቀበቷቸውን አሰሩ። ሁለቱን እግሮቻቸውን ወደ ኋላ ስበው ቁርጭምጭሚታቸውን አቆላለፉ። እጃቸውም የእጅ ፍሬኑን እንዳይስብ ፈርተው ከጭናቸው ሥር ወሸቁት። እንዲህ ታስረው እንደ ተቀመጡ መኪናዋ ተወነጨፈች።

ልጅቱ ትነዳለች። መሪው እጇ ላይ ይታዘዛል፣ ማርሹ ሳያንኳኳ ይገባል። ጋሽ ፍሬን ግን መንዳቷን የሚያጣጥሙበት ልብ የላቸውም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ኩርባ ይቆጥራሉ። አለፈ። ይኼም አለፈ። አንድ ነገር ግን ግር አላቸው፤ ኩርባ ሲቃረብ የልጅቱ ዓይን ለቅጽበት ወደ እሳቸው በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን የምትይዘውም ትንሽ፣ ትንሽ ዘግየት ብላ ነው። መኪናው ላይ ያለውን ሰዓት የምታይ መሰላቸው። ቃላቸውን አስበው ዝም አሉ።

መንገዱ ዛፎቹ መካከል ገብቶ ቁልቁል ወረደ። ቁልቁለቱ ሥር አንድ ሰው ቀስ በሉ የሚል ቢጫ ባንዲራ ያወዛውዛል። ከባንዲራው አለፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ ሞተር ብስክሌት ተጋድሟል፤ ባለቤቱ እየተንፏቀቀ ወደ ሣሩ ሊወጣ ይታገላል። ጋሽ ፍሬን አዩት። «ያዢ!» የሚለው ቃል ጥርሳቸው ላይ ደረሰ። መቼም አይታዋለች፣ ሥራዋ ነው፣ ቀን በቀን የምትሠራው ነው፣ አሁን ብጮህ ሁሉም ነገር አበቃ፣ አሉ በልባቸው። የተቆላለፈው እግራቸው እስኪደነዝዝ ያዙት። የልጅቱ ዓይን እንደገና ቁልቁል ወረደ፣ ተመለሰ፣ መኪናዋ አሁንም ትበራለች።

ከዚያ ልጅቱ ጮኸች። ፍሬኗን በሁለት እግሯ የረገጠች ያህል ረገጠችው። ጎማዎቹ ሲጢጥ አሉ፣ መኪናዋ ተወላገደች፣ ዛፎቹ በመስኮቱ አለፉ፣ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። የወደቀው ሞተር ብስክሌት ክንድ በምታህል ርቀት ፊታቸው ነበር። ሞተረኛው ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ደህና ነኝ ለማለት እጁን አነሣ።

የመኪናዋ ሞተር ጠፍቷል።

«አላየኸውም?» አለች ልጅቱ።

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ዝም? አባዬ!»

«ለእናትሽ ቃል ገባሁ። ትንፍሽ እንዳልል፣ እግሬንም…»

«እግርህን እያየሁ ነበር እኮ!» ጣቷን ወደ እግራቸው ቀሰረች። «አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ መንገዱ ሰላም ነው አልኩ።»

ጋሽ ፍሬን የተቆላለፈውን እግራቸውን አዩት።

«ያኔም እንዲሁ ነበር» አለች፤ አሁን ለእሳቸው ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ትመስላለች። «ከአንተ ጋር ስነዳ መንገድ አይቼ አላውቅም። የማየው እግርህን ነው፤ እሱ ሲወርድ እይዛለሁ። ፈተና ላይ ደግሞ የፈታኙን እግር ጠበቅኩ። የፈታኝ እግር አይንቀሳቀስም። ለብቻዬ ስሆን ምንም አልሆንም። አንተ ስትቀመጥ ግን ዓይኔ እንቢ ይለኛል።»

ልቧ የት እንዳለ እንጃ ብሎ ነበር ፈታኙ። ልቧማ እሳቸው ጫማ ላይ ነበር። ጋሽ ፍሬን ልጃቸው መንገድ እንዳታይ ያስተማሯት ራሳቸው እንደሆኑ አሁን ገና ገባቸው፤ እሷን በሰው ፊት ያዋረዱበት ጥፋትም የራሳቸው ነበር። አፈሩ። የሚሸሸጉበት ቢያገኙ ይሸሸጉ ነበር።

ሰዎች መጥተው ሞተር ብስክሌቱን ከመንገድ አነሱት። ባለ ባንዲራው እጁን አወናጨፈ፤ ሂዱ ማለቱ ነው። ልጅቱ ቁልፉን ልታዞር ያዘችና ተወችው።

«አልችልም። ቦታ እንቀያየርና አንተ አውጣን።»

የጋሽ ፍሬን እጅ ቀበቶውን ሊፈታ ሄዶ ነበር። ወርደው፣ ዞረው፣ መሪውን መያዝ ምን ይቸግራቸዋል? ፍሬቻ እያበሩ ቀስ ብለው ይወጣሉ። እጃቸውን ከቀበቶው ላይ አነሱ።

«አልነዳም» አሉ።

«አባዬ፣ ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ።» ይህንን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ሲወጣ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው። «ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜም እፈራለሁ። ያ ሁሉ መርገጥ ጥንቃቄ መስሎሽ ነው? ፍርሃት ነው የኔ ልጅ። የእኔ ነው፣ የአንቺ አይደለም። አንቺ መንዳት ትችያለሽ፤ በመስኮት ሳይሽ ነው የከረምኩት።»

ልጅቱ ዞር ብላ አየቻቸው። ጋሽ ፍሬን ኮታቸውን አወለቁና ከወገባቸው እስከ ጫማቸው ድረስ እግራቸው ላይ አለበሱት። ጠርዙንም እንዳይገለጥ ከጭናቸው ሥር ጎሰጎሱት።

«በቃ፣ የሚታይ ነገር የለም» አሉ። «ንጂ።»

ልጅቱ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሞተሩን አስነሣች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች። በሚቀጥለው ኩርባ ዓይኗ ወደ ቀኝ ሊወርድ ብሎ ተመለሰ፤ በጊዜ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከመንገዱ አልተነሣም። ከኮቱ ሥር የጋሽ ፍሬን እግር እስከ መውጫው በር ድረስ ሲረግጥ ነበር፤ እሷ ግን አላየችውም።