የተሰቀለው አንቀልባ

እኔ ቆዳ አለፋለሁ፤ ባለቤቴ አንቀልባ ትሰፋለች። አንድ ቀን አንኮበር ወዳለው ቤታችን ፈረንጅ ከነአስተርጓሚው መጣ። በአገሩ የሰው እጅ ሥራ ተሰቅሎ የሚታይበት ቤት አለ አሉን። ዕቃ ሳይሠሩበት ሲያዩት መዋል! ገረመኝ።

ፈረንጁ አዲሱን ሁሉ ትቶ ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ አንቀልባ መረጠ። ልጃችንን ፈንጣጣ ከወሰደብን ወዲህ ማንም አልነካውም። እምቢ ልል ስል ባለቤቴ፣ «አይጥሉትም?» ብላ ጠየቀችና አወረደችው።

«እንዴት ይታዘልበታል?» አለ ፈረንጁ። የሚታዘል ልጅ ከየት ይምጣ? ባለቤቴ የበግ ጠጉር በነጠላ ጠቅልላ አዘለች፤ እሹሩሩ እያለችም ተመላለሰች። አስተርጓሚው ሳቀ፤ እኔ አቀረቀርኩ።

በመጨረሻ ፈትታ ሰጠችው። ፈረንጁ ጠጉሩን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው።

«ይተዉት ጌታው፤ ባዶውን አይስቀሉት።»